ሸክላው ሲፈጥን የዘፋኟ ጉሮሮ ለምን ያጥራል?

በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ሪከርደር በነበረበት ዘመን ያደገ ሰው ሁሉ አንድ የፊዚክስ ሕግ ሳያጠናው ያውቃል። ድንጋዩ ሲደክም ዘፈኑ ይጎተታል፤ ሲጎተት ደግሞ የዘፋኙ ድምፅ አብሮ ይወፍራል። ቀጭን ድምፅ ያላት ዘፋኝ እንደ ጎልማሳ ወንድ ማንጎራጎር ትጀምራለች። ድንጋዮቹ ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ሲመለሱ ፍጥነቱም የድምፁም ቅጥነት በአንድነት ይስተካከላሉ። ለመሆኑ ሁለቱ ለምን ተለያይተው አይሄዱም? ካሴት ያላዩ ወጣት አንባብያን ወላጆቻቸውን ቢጠይቁ ታሪኩን በደስታ ያጫውቷቸዋል ብለን እናምናለን።

ይህን ጥያቄ እንደ አዲስ እንድናነሣው ያደረገን በ1990ዎቹ የታተመ አንድ ሸክላ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለዶክትሬት ትምህርት በእንግሊዝ ሀገር ሳለን ከአንድ የቅዳሜ ገበያ አንድ ሳጥን ሙሉ አሮጌ ሸክላ በርካሽ ገዛን። ከመካከላቸው አንዱ መካከሉ ላይ ነጭ ወረቀት ብቻ የተለጠፈበት ነበር። የዘፈኑ ስም፣ የሠሪው ስም፣ የሚሽከረከርበት ፍጥነት፣ አንዱም አልተጻፈበትም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ባለ ነጭ ወረቀት ሸክላዎች በጥቂት ቅጂ እየታተሙ ለዲጄዎች ይሰጡ ነበር።

የማጫወቻችን ቁልፍ 33⅓ ላይ ነበርና ሳንነካው አጫወትነው። የመጀመሪያው ገጽ ሰው የማይዘፍንበት፣ ከበሮና ወፍራም ባስ ብቻ የሚሰማበት ነው። ለሦስት ሳምንት ያህል ረጋ ያለ፣ ጨለም ያለ ሙዚቃ ነው ብለን ስናደምጠው ቆየን። በማስታወሻችን ላይም «በደቂቃ 117 ምት፤ ዝግ ያለ ሀውስ ሳይሆን አይቀርም» ብለን ጽፈናል። አንድ ቀን ሁለተኛውን ገጽ ስናጫውት የወንድ ድምፅ መጣ፤ ነገር ግን አዘፋፈኑ የሴት ነበር። ስሕተታችን ገብቶን ቁልፉን ወደ 45 አዞርነው። ያን ጊዜ ድምፁ የሴት ይሆናል ብለን ስንጠብቅ የሕፃን ልጅ ሆኖ አረፈው። በአንደኛው ፍጥነት ወንድ፣ በሌላኛው ሕፃን፤ ዘፋኟ ራሷን የምትመስልበት ፍጥነት በማጫወቻው ላይ የለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የተጻፈ ምልክት የሌለው ሸክላ በየትኛው ፍጥነት መሽከርከር እንዳለበት ከድምፁ ብቻ ማወቅ ይቻላልን?

ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት ስለ ሙዚቃው ጥቂት እንበል። ሀውስ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃ የተወለደው በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ነው። ስሙንም ያገኘው በ1977 ከተከፈተውና ፍራንኪ ናክልስ የሚባለው ዲጄ ሙዚቃ ያጫውትበት ከነበረው ዌርሃውስ ከተባለው የጭፈራ ቤት እንደሆነ ይነገራል። ምቱ በደቂቃ ወደ 120 ይጠጋል፤ ይህም በሴኮንድ 2 ምት፣ ማለትም 2 ኸርዝ ነው። ምቱን የሚመታው ሰው ሳይሆን እንደ ሮላንድ ቲአር-909 ያለ የኤሌክትሮኒክስ ከበሮ ነው። ይህ ሙዚቃ በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ሬቭ የተባለውን፣ በሜዳና በባዶ መጋዘን ሌሊቱን ሙሉ የሚካሄደውን ጭፈራ ወለደ። እንግሊዞቹ ግን የማሽኑ ከበሮ ብቻ አልበቃቸውም። ከአሮጌ የአሜሪካ ፈንክ ሸክላዎች ላይ ሌሎቹ መሣሪያዎች ዝም ብለው ከበሮው ብቻውን የሚመታባትን አጭር ክፍል፣ ብሬክ የምትባለውን፣ እየቆረጡ ይደጋግሟት ጀመር። ብሬክቢት የተባለው ስልት ከዚህ መጣ። ምቱ ከዓመት ዓመት እየፈጠነ ሄዶ በ1990ዎቹ አጋማሽ በደቂቃ ከ160 በላይ ደረሰ።

አሁን ወደ ሸክላው እንመለስ። በ33⅓ የሚሽከረከር ሸክላ አንድ ዙር ለመጨረስ 1.8 ሴኮንድ፣ በ45 የሚሽከረከረው ደግሞ 1.33 ሴኮንድ ይፈጅበታል። መርፌዋ የምትጓዝበት ጠባብ ቦይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይጠማዘዛል፤ ጥምዝምዙም የድምፁ ሞገድ ራሱ ነው። በ33⅓ ሲሽከረከር በሸክላው ጠርዝ ላይ ቦዩ በመርፌዋ ሥር በሴኮንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ያልፋል፤ ወደ መካከሉ ሲጠጋ ወደ 21 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ የ10,000 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ጠርዙ ላይ 0.05 ሚሊ ሜትር፣ መካከሉ አጠገብ 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ረጅም ሸክላ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ድምፁ የሚደበዝዘው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። የዳንስ ሸክላ አታሚዎች በሰፊው ሸክላ አንድ ገጽ ላይ አንድ ዘፈን ብቻ ማስቀመጥን፣ ብዙ ጊዜም በ45 ማዞርን የመረጡት ለቦዩ ቦታ ለመስጠት ነው።

የሽክርክሪቱ ፍጥነት ቢለወጥ ምን ይሆናል? ቦዩ ላይ የተቀረጸው ነገር ሁሉ፣ የከበሮው ምትም የድምፁ ሞገድም፣ በአንድ ቁጥር ይባዛል። 45ን ለ33⅓ ብናካፍል 1.35 እናገኛለን። በደቂቃ 120 የነበረው ምት 162 ይሆናል፤ 440 ኸርዝ የነበረው ኖታ 594 ኸርዝ ይሆናል። በፒያኖ ቋንቋ ይህ ከአምስት ሰሚቶን ጥቂት በለጥ ያለ ከፍታ ነው (ሰሚቶን ማለት በፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ቁልፍ ያለው ርቀት ነው)። የዲጄዎች ተመራጭ የነበረው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ማጫወቻ ፍጥነቱን እስከ 8 በመቶ ብቻ ከፍና ዝቅ እንዲያደርግ ተደርጎ የተሠራው በቂ ስለሆነ ነው። በደቂቃ 125 እና 126 የሚመቱ ሁለት ሸክላዎች በአንድ ላይ ቢጫወቱ በየምቱ 3.8 ሚሊ ሴኮንድ ይለያያሉ፤ ከዐሥር ምት በኋላ ልዩነቱ 38 ሚሊ ሴኮንድ ደርሶ ጆሮ ሁለት ከበሮ መስማት ይጀምራል። ዲጄው በጣቱ የሚያስተካክለው ይህችን 0.8 በመቶ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሁሉም በአንድ ቁጥር መባዛቱ ነው። አንዱን ድግግሞሽ ለሌላው ስናካፍል የሚገኘው ንጥጥር አይለወጥም፤ ከላይም ከታችም ያለው 1.35 ይጣፋልና። ዜማ ደግሞ ከንጥጥር የተሠራ ነገር ነው። በትዝታ ቅኝት የተቀረጸ ዘፈን በ33⅓ም በ45ም ትዝታ ነው፤ ወደ ባቲ ወይም ወደ አንቺ ሆዬ አይዞርም። ክራር ደርዳሪም ክሩን ወጠር ወይም ላላ አድርጎ ያንኑ ቅኝት እንደሚያገኝ ያውቃል። የከበሮው ምቶች አንዱ ከሌላው ጋር ያላቸው ርቀትም እንዲሁ ነው። እንግዲህ የሰው ድምፅ የሌለበት ሙዚቃ በውስጡ ስለ ፍጥነቱ የሚመሰክር ሰዓት የለውም ማለት ነው። እኛም ለሦስት ሳምንት የተታለልነው በሞኝነት ብቻ አልነበረም ብለን ራሳችንን እናጽናናለን።

ፍጥነቱን ለማወቅ ከውጭ የመጣ፣ መጠኑ አስቀድሞ የሚታወቅ አንድ ነገር ያስፈልጋል። ያ ነገር የሰው ጉሮሮ ነው።

ከድምፅ አውታሮቻችን እስከ ከንፈራችን ያለው የአየር መንገድ በአንድ ጫፉ የተዘጋ፣ በሌላው የተከፈተ ቧንቧ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። በጎልማሳ ወንድ ርዝመቱ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ቧንቧ ከሁሉ አስበልጦ የሚያስተጋባው የሞገድ ርዝመቱ የቧንቧውን አራት እጥፍ የሚሆነውን ድምፅ ነው። የድምፅን ፍጥነት በሴኮንድ 340 ሜትር ብንወስድ፣ 340 ለ0.68 ሲካፈል 500 ኸርዝ ይሰጠናል። ቀጣዮቹ 1,500 እና 2,500 ኸርዝ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁልጊዜ 1,000 ነው። ዘፋኙ ኖታውን ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርግ የሚለወጠው የአውታሮቹ ንዝረት ነው፤ የቧንቧው ርዝመት ግን ያው ስለሆነ ማስተጋቢያ ድግግሞሾቹ ባሉበት አካባቢ ይቆያሉ። ጆሯችን ከፍ ያለ ኖታ የሚዘፍንን ወንድ ከሕፃን የሚለየው ይህን በመመዘን ነው።

ሸክላ ሲፈጥን ግን አውታሩም ቧንቧውም በአንድነት ይባዛሉ። 500 የነበረው 675 ኸርዝ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ 12.6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጉሮሮ ነው። ሰውየው በአንድ ቁልፍ ማዞር 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ጉሮሮ አጣ፤ ስለዚህ ልጅ ሆነ። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም የምንሰማው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ወደ ነጩ ሸክላችን ይህን መሣሪያ ይዘን ተመለስን። ሁለተኛውን ገጽ በ45 እያጫወትን በኮምፒውተር ቀድተን የድምፁን ስፔክትረም ስናወጣ በማስተጋቢያ ድግግሞሾቹ መካከል ያለው ርቀት በአማካይ 1,400 ኸርዝ ሆነ። ርቀቱ የድምፅ ፍጥነት ለርዝመቱ ሁለት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ስለሆነ፣ የጉሮሮው ርዝመት 12.1 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። በ33⅓ ደግሞ 16.4 ይመጣል፤ ሕፃንና ወንድ ያስመሰላት ይህ ነው። የጎልማሳ ሴት ጉሮሮ ርዝመት 14.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ ዘፋኟ በ45 የተሰማችው በትክክለኛው ፍጥነቷ 1.2 እጥፍ ያህል ነው፤ ይህም ሦስት ሰሚቶን ነው። ርዝመቱ ከሰው ሰው በ1 ሴንቲ ሜትር ቢለያይ ውጤቱ ከአንድ ሰሚቶን ጥቂት በሚበልጥ ይዛነፋልና መልሳችን «ከሁለት እስከ አራት» ቢባል ይሻላል። ያም ሆኖ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ። ሸክላው የሚሽከረከረው በ45 ነው፤ ነገር ግን ሴትዮዋን ያፈጠናት ሸክላው ሳይሆን ሙዚቃውን የሠራው ሰው ነው።

ከበሮውስ? ከበሮውን የዚያን ዘመን ሸክላዎች ያደመጠ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያውቀዋል። በ1969 ዘ ዊንስተንስ የተባለ የዋሽንግተን ባንድ ካሳተመው «ኤመን ብራዘር» ከተባለ ሙዚቃ የተወሰደ፣ ግሪጎሪ ኮልማን የተባለው ከበሮ መቺ ለ7 ሴኮንድ ያህል ብቻውን የመታው ብሬክ ነው። (በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ትናንሽ ባለ 45 ሸክላዎችን ማሳተም ጀምሮ ነበር።) ብሬኩ 16 ምት አለው፤ 16 ምት በ7 ሴኮንድ ማለት በደቂቃ 137 ምት ነው። በነጩ ሸክላ ላይ፣ በ45፣ ምቱ 158 ነበር። 158ን ለ137 ስናካፍል 1.15 እናገኛለን፤ ኮልማን በሁለት ሰሚቶን ተኩል ቀጥኖ ይሰማል። እኛ በ33⅓ እያጫወትን «ዝግ ያለ ሀውስ» ስንለው ደግሞ ከራሱ ከኮልማን እጅ በ15 በመቶ ያህል ዘግይቶ ነበር።

እንግዲህ በአንድ ሸክላ ላይ ሦስት ሰዓቶች ይሠራሉ፤ የሸክላው፣ የከበሮው፣ የዘፋኟ። የከበሮው ቁጥር 1.15፣ የዘፋኟ ወደ 1.2። ሁሉም ነገር በአንድ ቁጥር ይባዛል ያልነው እውነት ቢሆንም፣ ከሸክላው በፊት እያንዳንዱ ለብቻው በየራሱ ቁጥር ተባዝቶ ነበር። ይህን ያደረገው መሣሪያ ሳምፕለር ይባላል። ድምፅን ወደ ቁጥር ለውጦ በማኅደሩ ይይዝና በፒያኖ ቁልፍ ሲነካ መልሶ ያሰማል። ሦስት ቁልፍ ወደ ቀኝ ሄዶ መንካት ድምፁን በሦስት ሰሚቶን ያፈጥነዋል። ምናልባት የዘፋኟ ምሥጢር ከዚህ የራቀ አይደለም። ዘ ፕሮዲጂ በ1992 ባወጣው «አውት ኦፍ ስፔስ» ውስጥ የማክስ ሮሚዮ የ1976 ረጋ ያለ የሬጌ ዜማ ከሚከንፍ ከበሮ ጋር ተጣምሮ ሲሰማም ያው የተለያዩ ሰዓቶች ጨዋታ ነው።

ታዲያ ድምፁን ሳያቀጥኑ ፍጥነቱን ብቻ መለወጥ አይቻልም ወይ? በቴፕና በሸክላ አስቸጋሪ ነበር፤ በቁጥር ግን ይቻላል። በ1988 የወጣው አካይ ኤስ-950 ሳምፕለር የተቀዳውን ድምፅ በጣም አጫጭር ቁርጥራጮች እያደረገ፣ ዘፈኑን ለማስረዘም አንዳንዱን ቁራጭ ይደግመዋል፤ ለማሳጠር ይዘለዋል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ ሞገዱ አልተነካምና ድምፁ አይቀጥንም። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ቁራጩ 20 ሚሊ ሴኮንድ ቢሆን በሴኮንድ 50 ጊዜ መገጣጠሚያ አለ ማለት ነው፤ ጆሮ ይህን እንደ ብረት ንዝረት ይሰማዋል። ደግሞም 20 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ የቆየን ድምፅ ድግግሞሽ ከ50 ኸርዝ ባነሰ ስሕተት መለየት አስቸጋሪ ነው። ጊዜን ባጠበብን ቁጥር ድግግሞሽ ይሰፋል። በኳንተም ሜካኒክስ ትምህርት የሃይዘንበርግን መርሕ ስናስተምር ተማሪዎች የአተም ዓለም ልዩ ጠባይ አድርገው ይወስዱታል፤ የሒሳቡ ሥር ግን በማንኛውም ሞገድ ውስጥ አለ። የሚያስገርመው ሙዚቀኞቹ ይህን የብረት ድምፅ እንደ ጉድለት አለመቁጠራቸው ነው። ወደዱት፤ ሆን ብለውም አጋነኑት። ጎልዲ በ1992 ሜታልሄድስ በሚል ስም ባወጣው «ተርሚኔተር» ከበሮው ሳይፈጥን ድምፁ ብቻ ወደ ላይ ሲወጣ ይሰማል፤ የባትሪ ድንጋዩን ሕግ ለሚያውቅ ጆሮ ይህ የማይሆን ነገር ነው።

የሀገሪቱ ሕግ አውጪዎችም በበኩላቸው ፊዚክስ ውስጥ ገብተው ነበር። በግንቦት 1992 በካስልሞርተን ሜዳ ብዙ ሺሕ ሰዎች ለቀናት የጨፈሩበት ስብሰባ ትልቅ ጫጫታ ካስነሣ በኋላ፣ በ1994 የወጣው ሕግ ፖሊስ የሌሊት የሜዳ ጭፈራዎችን እንዲበትን ሥልጣን ሰጠ። ሕጉም «ሙዚቃ» ሲል ተደጋጋሚ ምቶች በተከታታይ የሚሰሙበትንም ድምፅ እንደሚጨምር ደነገገ። ኦተከር የተባለው ሁለት ሰዎች ያሉበት ቡድን በዚያው ዓመት ባወጣው ሸክላ ላይ «ፍላተር» የተባለውን ሙዚቃ አንድም የምት ስብስብ ከሌላው ጋር እንዳይመሳሰል አድርጎ ሠራው፤ ፖሊስ ቢመጣ ግን ጠበቃና የሙዚቃ ሊቅ አጠገብ ይኑር የሚል ምክርም አከለበት። ፔሬዲክ ሞገድ ምን እንደሆነ በክፍል ስናስረዳ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

እነዚህን ሸክላዎች ዛሬ ደግመን ስናደምጣቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሁሉም እኩል አላረጁም። ለእኛ ጆሮ የሀውሶቹ እርጋታ ይበልጥ ጸንቷል፤ ከሬቮቹ ብዙዎቹ በሕፃን ድምፃቸው ሳቅ ያስነሣሉ። ከበሮው ግን አላረጀም። የኮልማንን 7 ሴኮንድ በሲዲ ጥራት ለመያዝ በሴኮንድ 44,100 ናሙና፣ ለእያንዳንዱ ናሙና 2 ባይት ያስፈልጋል፤ በጠቅላላው 617,400 ባይት። 1.44 ሜጋ ባይት የምትይዝ አንዲት ፍሎፒ ዲስክ ሁለት ቅጂ ትሸከመዋለች። ያን ያህል ትንሽ ስለነበረ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ቁጥራቸው በማይታወቅ ዘፈኖች ውስጥ ገባ። ኮልማን ከዚህ ሁሉ አንዳች ክፍያ ሳያገኝ በ2006 በድህነት ሞተ። የባንዱ መሪ ሪቻርድ ስፔንሰር በ2015 አድናቂዎች ያዋጡለት 24,000 ፓውንድ ደርሶታል፤ ይህም ሕጋዊ ክፍያ ሳይሆን ስጦታ ነበር። የዘፋኟን ጉሮሮ ለክተን ፍጥነቷን ስንመልስላት፣ ማን እንደሆነች ግን ስፔክትረሙ አይነግረንም። ነጩ ወረቀት ላይ በእርሳስ «45» ብለን ከሥሩ «ከበሮ፦ ጂ. ኮልማን፣ 1.15» ጽፈንበታል። የዘፋኟ መስመር እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

አንባብያን ልኬቱን ራሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። በነፃ የሚገኘውን ኦዳሲቲ የተባለ ፕሮግራም ከፍታችሁ የራሳችሁን ድምፅ ለሦስት ሴኮንድ ያህል ቅዱ። የምታሰሙት አናባቢ «አ» ወይም «ኢ» ሳይሆን «ኧ» ይሁን፤ ምላስ መካከል ላይ ሲያርፍ ጉሮሮ ከሌሎቹ አናባቢዎች ይልቅ ወደ ቀጥተኛ ቧንቧ ይቀርባልና አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። በስፔክትረሙ ላይ ጉብታዎቹን ፈልጋችሁ በመካከላቸው ያለውን አማካይ ርቀት ያዙ፤ 34,000ን ለርቀቱ ሁለት እጥፍ ብታካፍሉ የጉሯሯችሁን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ታገኛላችሁ። ከዚያ ፍጥነቱን በ1.35 አባዝታችሁ ደግማችሁ ለኩ። የመጀመሪያው ውጤት ከ10 በታች ወይም ከ20 በላይ ከመጣ ስሌቱን ከመጠራጠራችሁ በፊት ከንፈራችሁን ምን ያህል እንደከፈታችሁ ተመልከቱ።